ቀትር ላይ የሚፏጭ ዜማ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን ከልቤ እጠራጠራለሁ። የምጽፍላቸው ሰው ዝነኛ አልነበሩም። ካሴት አላሳተሙም፤ ፎቷቸው ጋዜጣ ላይ አልወጣም፤ ያሸነፉትም ነገር የለም። እንዲያውም ተሸንፈዋል ማለት ይቀላል። ዛሬ መተማ፣ ኮኪት ሄዳችሁ ስለ አበረ ጃዝ ብትጠይቁ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ካላገኛችሁ በቀር፣ የሚያውቃቸው የለም። ከዚህ በፊት ልጽፍ ጀምሬ ትቼው ነበር። እንደገና ብዕር ያስያዘኝ አንድ ፉጨት ነው።

ጎንደር፣ በምማርበት ግቢ ውስጥ፣ ከሴቶች ማደሪያ ጀርባ አዲስ ሕንፃ ይሠራል። በሚያዝያ ወር አንድ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ከክፍል ስመለስ፣ አንድ ለሳኝ መወጣጫው እንጨት ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ታች አንጠልጥሎ ያፏጫል። ዜማው የሙገሳ ዜማ ይመስላል፤ ግን ተጎትቷል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ሊወድቅ ይልና ይቆማል። አለቀ ብላችሁ ስታስቡ ደግሞ ከወደቀበት ቀስ ብሎ ይነሣል። አፍንጫዬ ውስጥ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ እያለ የሰሊጥ ዘይት ሸተተኝ። ደብተሬን ታቅፌ ፀሐይ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዜማው የት እንደተወለደ አውቃለሁ። ሲወለድ እዚያ ነበርኩ።

አያ አበረ ኮኪት ላይ ጎረቤታችን ነበሩ። በእኛና በእሳቸው መካከል የነበረው የማሽላ አገዳ አጥር ብቻ ነው። እሱንም ፍየል ስለሚበላው ግማሹን ዓመት አጥር፣ ግማሹን ዓመት በር ነበር። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጉንጫቸው ከብዙ መንፋት የላላ ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ ከሱዳን ይዘውት የመጡትን ጀለቢያ ይለብሳሉ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከላዩ ነጠላ ያጣፋሉ። ሬዲዮና የእጅ ባትሪ እየጠገኑ ነበር የሚኖሩት። በእሳቸው ቤት ዋና ዕቃ ግን ሬዲዮ አልነበረም።

አንገቷ በመዳብ ሽቦ የታሰረ፣ የአፏ ጠርዝ በአንድ በኩል የተጨረመተ ሳክስፎን ነበረቻቸው። ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው፣ ጭናቸው ላይ አጋድመዋት፣ ጨርቅ የሰሊጥ ዘይት ውስጥ እየነከሩ ቁልፎቿን አንድ በአንድ ያሹላት ነበር። ከመንፊያዋ ላይ የምትታሰረውን ስስ ምላስ የሚሸጥ ሱቅ ስለሌለ በምላጭ ከሽመል ይጠርቧታል። ጠርበው ሲጨርሱ አፋቸው ውስጥ ያርሷትና ወደ ፀሐይ አቅንተው ያዩዋታል። አብዛኛውን ጊዜ ይጥሏታል። እኔ የጣሏቸውን እየለቀምኩ ለአሻንጉሊቶቼ ቤት ጣራ እሠራባቸው ነበር።

መንፋት የተማሩት በወጣትነታቸው ወታደር ቤት ነው። ለሰልፍና ለባለሥልጣን አቀባበል ሲነፉ ቆይተው፣ ከታዘዘው ውጪ መንፋት ክልክል ስለነበር፣ አንድ ቀን ጠፍተው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገቡ። ያኔ እዚያ ጊታርና ሳክስፎን ያለው ባንድ ሁሉ ጃዝ ይባል ነበር፤ ቅጽላቸውም የመጣው ከዚያ ነው። ኋላ በዚያም አገር ዘፈን የሚጠላበት ዘመን መጣና ወታደሮች የባንዱን ዕቃ ጭነው ወሰዱት። እሳቸው ሳክስፎናቸውን ሰሊጥ በሞላ ከረጢት ውስጥ ቀብረው፣ ከረጢቱን አህያ ላይ ጭነው ድንበሩን ተሻገሩ።

"ሁለት አገር መንፋት ከልክሎኛል፤ ሦስተኛ አገር የለኝም" ይሉ ነበር። አባቴ ይህን በሰማ ቁጥር ይስቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ቁልፎቿን ሲያሹ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ "አያ አበረ፣ ጃዝ ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"የጥጥ ለቃሚዎች ነገር ነው" አሉኝ። "ሩቅ አገር፣ እንደኛው ጥቁር የሆኑ ሰዎች። በግድ ጥጥ ያስለቅሟቸው ነበር። የእነሱ ልጆች እንዲህ ያለ ቀንድ እጃቸው ሲገባ ጃዝን አመጡት።"

"ምን ይላል?"

"ምንም አይል። የታዘዝሽውን ትነፊያለሽ፤ እንደታዘዝሽው ግን አትነፊም። ይኸው ነው።"

"አልገባኝም።"

"ባይገባሽ ምንም አይደል ትርንጎ" አሉና ዘይቱን ጣታቸው ላይ ጠብ አደረጉ። "ለሚያዙትም አይገባቸውም።"

ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም። ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ በኋላ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው በራሱ አፉን ይከፍትና መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ መስከረም ሊያልቅ ሲል ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር ሠራተኞች በመኪና ተጭነው ይመጣሉ፤ እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን። በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ ማጭድ ይዘው፣ አጎንብሰው ማሳውን ያቋርጡታል። ትልልቅ እርሻዎች ላይ ከመስመሩ ፊት ፊት የሚሄድ ዘፋኝ ይቀጠራል። ዜማው ሲፈጥን ማጭዱ ይፈጥናል፤ እጅ ሰውየውን ሳያስፈቅድ ዜማውን ይከተላል። ሌሎቹ ባለሀብቶች ማሲንቆ ወይም ከበሮ ይዞ የሚሄድ ሰው ነበር የሚቀጥሩት። አባቴ ካቦ ሆኖ የሚሠራለት አቶ ደምሴ ግን ሳክስፎን በማስነፋቱ ይኮራ ነበር። ድምፁ ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል፤ የጎረቤት እርሻም ይሰማዋል። አያ አበረ በየዓመቱ የሚነፉለት አንድ ዜማ ነበር፤ የእሱ የራሱ የሙገሳ ዜማ፣ ፈጣን፣ ሰው የሚያስፎክር። ሠራተኛው እያጨደ ይቀበላል።

እናቴ የካምፑ ወጥ ሠሪ ነበረች። በሰሊጥ ወቅት ትምህርት ቤታችን ግማሽ በግማሽ ባዶ ስለሚሆን እኔም ከእሷ ጋር ካምፕ እከርም ነበር። ያየሁትን ሁሉ ያየሁት ከዚያ፣ ከወጥ ቤቱ ዳስ ሥር ሆኜ ነው።

በእኛ ቆላ ቀትር ላይ መቀመጥ የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ግን ከተጻፈ ሕግ በላይ ይከበር ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዋልካው መሬት ከሥር፣ ፀሐዩ ከላይ ሰውን እንደ ቂጣ ያገላብጡታል። ማጭዱ ራሱ እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ ሠራተኛው ግራር ሥር ይገባል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይጋደማል፤ ፀሐዩ ዘንበል ሲል ይነሣል። ያን ዓመት ግን ዝናቡ ዘግይቶ ስለወጣ ሰሊጡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢጫ ሆነ። አቶ ደምሴ ከፒካፑ ሳይወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለአባቴ፣ "ዘንድሮ ቀትር የሚባል ነገር የለም" አለው። "ሰሊጡ ታጭዶ ሳይቀመጥ ሰው አይቀመጥም።"

"ጌታው፣ ሰው ይወድቅብናል" አለ አባቴ።

"የወደቀ ይነሣል። የረገፈ ሰሊጥ ግን አይነሣም።"

ከሠራተኞቹ መካከል ከዳሞት የመጣ ይበልጣል የሚባል ልጅ ነበር። ጺም ገና አላበቀለም፤ አፉ ግን አያርፍም። መስመሩ ፊት ሆኖ ከአያ አበረ ጋር መቀላለድ ይወድ ነበር።

"አያ አበረ፣ ቀንዷን ለኔ ይስጡኝና ማጭዱን እርስዎ ይያዙ። እኔ ሳምባ አለኝ።"

"ሳምባ በሬም አለው።"

"በሬ ቢነፋማ እርስዎን ማን ይቀጥር ነበር?"

መስመሩ በሙሉ ይስቃል። አያ አበረም ይስቁና፣ የሙገሳው ዜማ መሃል ላይ የዳሞት ዘፈን ትንሽ ጣል ያደርጉለታል። ይበልጣል በማጭዱ ጫፍ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያመሰግናቸዋል።

ቀትር በተከለከለ በሦስተኛው ቀን ይበልጣል ወደቀ። አያ አበረ እየነፉ፣ እሱ እያጨደ፣ በዜማው መሃል ነው የወደቀው። መጀመሪያ ሲቀልድ መስሏቸው የሳቁ ነበሩ። ተሸክመው ወደ እኛ ዳስ ሲያመጡት ቆዳው ደረቅ ነበር፤ ላብ እንኳ አልነበረውም። እናቴ በጀሪካን ያለውን ውሃ ሁሉ አፈሰሰችበት። በትራክተር ተሳቢ ላይ ጭነው ገንዳ ውሃ ከተማ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዘውት ሄዱ፤ አባቴ የልጁን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሳይደርሱ ሞተ።

አቶ ደምሴ፣ "ወባውን ከአገሩ ይዞት ነው የመጣው" አለ። አባቴ መሬት መሬት ያይ ነበር። ከዚያን ቀን በፊት አባቴን አንገቱን ደፍቶ አይቼው አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኛው እንደወትሮው ተሰለፈ። የሞተውን ልጅ ቦታ አልዘጉትም፤ መስመሩ መሃል ላይ አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ተተወ። አያ አበረ ጀለቢያቸውን በገመድ አሸንፍጠው ፊት ለፊት ቆሙና ሳክስፎኗን አነሡ። የነፉት ያንኑ የአቶ ደምሴን የሙገሳ ዜማ ነበር። ከመጀመሪያው አንስቶ ግን ወደኋላ ይጎትቱት ጀመር። የሚፎክረው ቦታ ላይ ድምፁን አጎበጡት። ይበልጣል ሲወድቅ ይነፉት የነበረው ቦታ ላይ ሲደርሱ ዜማው ወደ ታች ሄደና ተቋረጠ። ማጭዶቹም ተቋረጡ። ነፋሱ በሰሊጡ ውስጥ ሲያልፍ ደረቁ ፍሬ ሲንሿሿ ሰማሁ። ከዚያ ዜማው ከወደቀበት ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ማጭዶቹም ቀስ ብለው ተነሡ። ስድስት ሰዓት ሲሆን አያ አበረ አንዲት ድምፅ ሳምባቸው እስኪያልቅ ይዘው ቆዩና ለቀቋት። ሌላ አልጨመሩም። ማንም ማንንም አላዘዘም። መስመሩ በሙሉ ባለበት ቁጭ አለ።

አቶ ደምሴ ፒካፑን ማሳው ውስጥ ነድቶ መጣ።

"ምንድን ነው የምትነፋው አንተ ሽማግሌ?"

"ያንኑ ነው ጌታው። የእርስዎን ዜማ።"

"የኔ ዜማ እንዲህ አይጎተትም።"

"ነሐሷ ግላብኝ ነው። ነሐስ ሲግል ይለግማል፤ እንደ ሰው አይደለም።"

ከተቀመጡት አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው። አቶ ደምሴ ወደ አባቴ ዞሮ አስነሣቸው አለው። አባቴ፣ "ጌታው፣ እኔም ተቀምጫለሁ" አለ። እውነትም ተቀምጦ ነበር።

አቶ ደምሴ ወዲያው አያ አበረን ከእርሻው አባረራቸው። እሳቸውም በማግስቱ ከማሳው ወጥተው የመኪናው መንገድ ዳር፣ የማንም ያልሆነ መሬት ላይ በርጩማቸውን አስቀምጠው መንፋታቸውን ቀጠሉ። ድምፁ ያው ይሰማል። ጎረቤት እርሻ ያሉ ሳሉጎችም ይሰሙታል። ሁለት ቀን ሳይሞላ ከመንገዱ ማዶ ያሉትም ቀትር ላይ ይቀመጡ ጀመር። የኮኪት ልጆች ውሃ ሲቀዱ ያንን ዜማ ያፏጩት ነበር። ሰሊጡ መርገፍ ያዘ።

ፖሊስ መጥቶ አያ አበረን ወሰዳቸው። የሆነውን አባቴ ኋላ ደጋግሞ ይተርከው ነበር፤ አብሯቸው ሄዶ ጣቢያው በር ላይ ሆኖ ሰምቷል።

"ሠራተኛ አሳምፀሃል" አላቸው መርማሪው።

"ምን ብዬ?"

"እሱን አንተ ንገረኝ እንጂ።"

"እኔ አፌ ውስጥ ቀንድ ነበር ጌታዬ። አንድ ቃል ተናግሬ ከሆነ የሰማ ይምጣና ይመስክር።"

መርማሪው ብዙ ካሰበ በኋላ፣ "ምንም አላልክም፤ ግን ሁሉም ሰምቶሃል" አለና ለቀቃቸው።

አቶ ደምሴ በፖሊስ ያላገኘውን በሽማግሌ ሊያገኘው ተነሣ። የከተማውን ትልልቅ ሰዎች ላከ፤ አባቴም ከሁለቱም ወገን ስለሚታመን አብሯቸው እንዲገባ ተለመነ። የእርቁ ቃል ቀላል ነበር። አቶ ደምሴ ቀትሩን ይመልሳል። አያ አበረ ደግሞ ሳክስፎናቸውን ለአቶ ደምሴ ያስረክባሉ፤ ዳግመኛ መንገድ ዳር ላይ እንዳይነፉ። አባቴ ይህን ለመንገር በአጥሩ ክፍት በኩል ሲገባ ተከትዬው ገባሁ።

"ይቀመጣሉ?" አሉት አያ አበረ።

"ይቀመጣሉ።"

"ምሏል?"

"በሽማግሌ ፊት ምሏል። የጎረቤት እርሻዎችም ተስማምተዋል። ግን አንቱ እንቢ ካሉ ማንም አይፈርድብዎትም አያ አበረ። ከእርስዎ ምን ቀርቶ ነው..."

አያ አበረ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። የዘይቱን ጠርሙስና ጨርቁን አመጡ። ቁልፎቿን እንደወትሮው አንድ በአንድ አሹ፤ አልፈጠኑም፣ አልዘገዩም። የምታድርበት ከረጢት ውስጥ ከተቱና ለአባቴ ሰጡት። "በአንገቷ አትያዛት፤ ሽቦው ላልቷል" አሉት። አባቴ ከሥሯና ከላይዋ ደግፎ፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ይዟት ወጣ።

አቶ ደምሴ ቃሉን ጠበቀ። የቀረው ሰሊጥ እስኪታጨድ ድረስ ቀትር በመጣ ቁጥር ሠራተኛው ግራር ሥር ገባ። አባቴ ደስ ብሎት ነበር፤ እናቴም "ሰው በሰላም ተለያየ" ትል ነበር። ሳሉጎቹ መኪና ላይ ሲሳፈሩ በአያ አበረ በር በኩል አልፈው እጃቸውን ሳሙ። ሰሊጡ ተወቃ፤ እነሱም ወደየአገራቸው ሄዱ።

በሚቀጥለው ዓመት ካምፕ ስንገባ ከመስመሩ ፊት የቆመው ሰው አልነበረም። ፒካፑ ላይ የእኔን ቁመት የሚያህል ድምፅ ማጉያ ተጭኖ ነበር፤ ከፍላሽ የሚወጣ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ዕረፍት ያስጮኻል። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ አልቆመም። አባቴ ወደ አቶ ደምሴ ሄዶ፣ "ጌታው፣ የማሉት ቃል አለ" አለው።

"አዎ፣ ላምናው ሰሊጥ ምያለሁ። ጠብቄያለሁ።" አቶ ደምሴ የተቆጣም አይመስልም ነበር። "ቆላ ላይ ከአንድ ሰሊጥ የሚያልፍ ውል አይተህ ታውቃለህ?"

አባቴ አላየም። ማንም አላየም። በእኛ አገር የሰውም ውል፣ የመሬትም ውል፣ የትራክተርም ውል ሰሊጥ ሲወቃ ያበቃል፤ ለከርሞ የሚስማማ በአዲስ ይስማማል። ሽማግሌዎቹም ያንን እርቅ የጨረሱት በለመዱት መንገድ ነው፤ "እስከ መቼ?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ቆላ ላይ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅምና። ሳክስፎኗን ግን ለከርሞ ትመለስ ያለም አልነበረም። ቀትሩ የተሰጠው ለአንድ ወቅት ነበር፤ እሷ የተሰጠችው ለዘላለም። ሽማግሌዎቹ ሄደው ቢጠይቁም አቶ ደምሴ ሻይ አጠጥቶ መለሳቸው። አዲሶቹ ሳሉጎች ደግሞ ስለ አያ አበረ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። አንዱ በካምፓችን ሲያልፉ አይቷቸው፣ "እኒህ ሽማግሌ ምን ፈልገው ነው?" ብሎ እናቴን ጠየቃት።

አባቴ በዚያው ወር ካቦነቱን ተወ። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ተሳፋሪ ቢለምነውም፣ ዛፍ ሥር አቁሞ ይቀመጣል። ከአያ አበረ ጋር ግን እንደ ድሮው መሳቅ አልቻለም። እሳቸው በአጥሩ በኩል፣ "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አንተ ተሸከምካት እንጂ አልወሰድካትም" ይሉት ነበር። እሱ አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። ጠዋት ጠዋት በርጩማቸውን እንደወትሮው በር ላይ አውጥተው ይቀመጣሉ። እጃቸው ላይ ሬዲዮ ካልያዙ ምን እንደሚያደርጉበት የማያውቁ ይመስሉ ነበር።

አቶ ደምሴ ገንዳ ውሃ ላይ ሆቴል ሲከፍት ሳክስፎኗን እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ሰቀላት። ወደ ዩኒቨርሲቲ ልሄድ ስል አውቶቡስ የምጠብቀው እዚያ ፊት ለፊት ስለነበር ገብቼ አየኋት። ከላይዋ ቀይ አምፖል በርቷል። አንዲት ሙሽራ ከሥሯ ቆማ ፎቶ ትነሣ ነበር። ቁልፎቿ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። ለመጀመሪያው ዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ አያ አበረ ገና ሳልቀመጥ ጠየቁኝ።

"አየሻት አሉ። ዘይት ይቀቧታል?"

"አይቀቧትም። አፏ ውስጥ አበባ አስገብተውባታል።"

"የምን አበባ?"

"የላስቲክ።"

"ጥሩ ነው" አሉ። "ላስቲክ ውሃ አይጠይቅም፤ ዕረፍትም አይጠይቅም። ለደምሴ እንዲህ ያለ ነው የሚስማማው።" እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ከሳቸው ጋር ያወራሁት የመጨረሻ ወሬ ይህ ነው።

ወደ ለሳኙ ልመለስ። ፉጨቱን ሲጨርስ ከታች ሆኜ ጠራሁት።

"ወንድሜ፣ ይህን ዜማ የት ተማርከው?"

"መተማ፣ ሰሊጥ አጨዳ ሄጄ።"

"የማን ነው?"

"የማንም አይደለም። ሳሉግ ያፏጨዋል፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን።"

"ሲያፏጭ ይቀመጣል?"

ሳቀብኝ። "የት ተቀምጦ? ድሮ ይቀመጡ ነበር ይላሉ። አሁን እያጨድን ነው የምናፏጨው። ድምፅ ማጉያው ሲጮህ ከሥሩ እናፏጫለን፤ ካቦውም አይሰማም።" መረጊያውን አንሥቶ አየውና መልሶ አስቀመጠው። "እዚህ እንኳ የምሳ ሰዓት አለ።"

ቢደርሱበት ኖሮ ይህን ለአያ አበረ እነግራቸው ነበር፤ ቀንዷ ግድግዳ ላይ ብትሆንም ዜማው ማሳ ላይ እንዳለ፣ ሰው ግን እንዳልተቀመጠ። ሁለቱንም እነግራቸው ነበር። እሳቸው ግን ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። ለቀብራቸውም አልደረስኩም፤ የመተማ መንገድ ተዘግቶ ነበር። አባቴ በስልክ እንደነገረኝ፣ በራቸው ላይ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው የሞቱት። በጥር ሚካኤል ማግስት፣ ስድስት ሰዓት ላይ።